የዳታ ታይፕ ሳይዝ አይሸመደድም፣ ይጠየቃል

ሰላም ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ አምዳችሁን ሳላነብ ከማላልፍ ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለ ፓራለል ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም አንድን ስሌት ከፋፍሎ በአንድ ጊዜ ስለማሰራት፣ በአማርኛ የተፃፈ ነገር እንደልብ ስለማይገኝ እናንተ ስትጀምሩት ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ባለፈው እትም ግን አንድ አንባቢ ስለ ኤምፒአይ፣ ማለትም ፓራለል ፕሮግራሞች መልዕክት ስለሚላላኩበት ላይብረሪ (የተዘጋጀ የፈንክሽኖች ስብስብ)፣ "በኤምፒአይ ዳታ ስንልክ የዳታ ታይፑ ሜሞሪ ላይ ስንት ባይት እንደሚይዝ በምን አውቃለሁ?" ብሎ ለጠየቃችሁ ጥያቄ የሰጣችሁት መልስ አላስቀመጠኝም። ኢንት 4፣ ፍሎት 4፣ ሎንግ 8፣ ደብል 8 የሚል ሰንጠረዥ አውጥታችሁ (ኢንትና ሎንግ ሙሉ ቁጥር፣ ፍሎትና ደብል ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዙ የዳታ ዓይነቶች ናቸው) ይሄን በቃላችሁ ያዙና በብዛቱ አባዙት ብላችኋል፣ በቃ ይሄው ነው መልሱ። ጠያቂው እኮ የጠየቀው "ስንት ነው" ብሎ አይደለም፣ "በምን አውቃለሁ" ነው ያለው፣ እና ይሄ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያለው ትልቅ ጥያቄ ስለሆነ ቢቻል እንድታስተካክሉት ብዬ ነው የፃፍኩት። ትንሽ ስለረዘመብኝ አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ ሰንጠረዡ ራሱ ላይ ያለውን ስህተት ልናገርና ልለፍ። ሲ ቋንቋ ኢንት 4 ባይት ነው ብሎ የትም አልደነገገም፣ የደነገገው ዝቅተኛውን ነው፣ ኢንት ቢያንስ 16 ቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) ሎንግ ቢያንስ 32 ቢት መያዝ አለበት ይላል ከዛ በላይ ያለውን ለኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ ለሚቀይረው ፕሮግራም፣ እና ለሲስተሙ ትቶታል። ለዚህ ነው ሎንግ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት የሚሆነው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 4 ባይት ብቻ። ሁለቱም 64 ቢት ሲስተም ናቸው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሰንጠረዛችሁ ግን ለአንዳቸው ብቻ ነው የሚሰራው። ሎንግ ደብል የሚባለው ሰፋ ያለ ነጥብ ያለው ቁጥርማ ተዉት፣ ኢንቴል አይነት ፕሮሰሰር ያለው 64 ቢት ሊኑክስ ላይ እውነተኛው ቁጥር 80 ቢት ማለትም 10 ባይት ሆኖ ሜሞሪ ላይ 16 ባይት ቦታ ይይዛል፣ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ጋር ስትሄዱ ያው ስም 8 ባይት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አንድ ፕሮግራም ብቻውን አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰራ ይሄ ሁሉ ብዙም ላያስቸግር ይችላል፣ ኮምፓይለሩ ራሱ ያውቀዋል አንተ ባታውቀውም ይሰራልሃል። ፓራለል ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ኤምፒአይ ላይ እያንዳንዱ ፕሮሰስ (ጎን ለጎን የሚሰራ የፕሮግራሙ ቅጂ) የራሱ ሜሞሪ ነው ያለው፣ አንዱ የሌላውን ጓዳ እንዲሁ ገብቶ ማየት አይችልም፣ በመሰረቱ የሚገናኙት መልዕክት በመላላክ ነው። መልዕክቱን ስትልክ ደግሞ "ይሄን ያህል ባይት ላክልኝ" አትልም፣ "ከዚህ አድራሻ ጀምሮ ይሄን ያህል ፍሬ የዚህ ዓይነት ዳታ ላክ" ነው የምትለው፣ ስንት ባይት እንደሆነ ላይብረሪው ነው የሚያሰላው። አንተ ያሰብከው ሳይዝና ላይብረሪው ያሰበው ሳይዝ ካልተገጣጠሙ ብዙ ጊዜ ማንም አይነግርህም፣ ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። የመጣው መልዕክት ከተዘጋጀለት ቦታ በላይ ከሆነ ኤምፒአይ ስህተት ብሎ ይጮሃል ይሄ አሪፍ ነው፣ ያነሰ ከሆነ ግን ምንም አይልም፣ በደንቡ መሰረት ያነሰ መልዕክት መቀበል ችግር አይደለማ። ዝም ብሎ ይቀበልና ፕሮግራሙ ይቀጥላል።

ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳያችሁ። አንዱ ፕሮሰስ 1 እና 2 የሚሉ ሁለት ባለ 4 ባይት ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮች) ላከ እንበል፣ ተቀባዩ ደግሞ ባለ 8 ባይት ኢንቲጀር ነው ብሎ አነበባቸው። ዛሬ አብዛኞቻችን በምንጠቀምበት ፕሮሰሰር ላይ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ፣ የሚነበበውም 8589934593 ነው። ይሄን ቁጥር ያየ ሰው ቢያንስ ይደነግጣል፣ ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ቢሆን ኖሮ ግን የሚነበበው ንፁህ 1 ነበር፣ አንድም ሰው አይጠረጥርም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ከመፅሃፍ አይደለም የተማርኩት። የዛሬ ጥቂት አመት የብናኞች እንቅስቃሴ የሚያሰላ ፕሮግራም እየፃፍኩ ነበር፣ ለእያንዳንዱ ብናኝ አንድ ስትራክት፣ ማለትም የተለያዩ ዳታዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል፣ አለ፣ ውስጡ መለያ ቁጥር በኢንት፣ ሶስት የቦታ መጋጠሚያ በደብል፣ መጨረሻ ላይ ዓይነቱን የሚገልፅ አንድ ቻር፣ ባለ አንድ ባይት ፊደል። ሁሉም ፕሮሰስ የየራሱን ብናኝ ካሰላ በኋላ ዜሮ ቁጥሩ ፕሮሰስ ሁሉንም ጋዘር በሚባለው የኤምፒአይ ፈንክሽን ይሰበስባል። እኔ ደግሞ በቃሌ አልገመትኩም፣ እንደውም ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ላይብረሪውን ጠየኩት፣ ታይፕ ሳይዝ የሚባለውን ፈንክሽን ጠርቼ 29 አለኝ። 4 ሲደመር 24 ሲደመር 1፣ ልክ ነው። 29ን በብናኞቹ ብዛት አባዝቼ ማሎክ በሚባለው የሲ ሜሞሪ ማስያዣ ፈንክሽን መቀበያ ሜሞሪ አስያዝኩ። በአንድ ብናኝ ሞከርኩት ሰራ። በሺህ ብናኝ ሳስኬደው ግን ጉዱ ፈላ፣ የሙቀት መጠን የያዘው ሌላ አሬይ (ተደርድሮ የተቀመጠ የዳታ ረድፍ) ውስጥ እኔ ያላስገባሁት ቁጥር መታየት ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ፍሪ የሚል፣ የተያዘ ሜሞሪ የሚለቅ መስመር ላይ ሞተ፣ ያውም ከወራት በፊት ፅፌ በጣም የማምነው ፋይል ውስጥ።

ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ፋይል ስመረምር ነው የዋልኩት። ኔትወርኩ ነው አልኩ፣ የላይብረሪው ስሪት ነው አልኩ፣ ሌላ ስሪት ጫንኩ ያው ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። በሶስተኛው ቀን ከኔ በልምድ ብዙ የምትበልጥ ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ኮዱን ወደ ታች እየጎተተች አነበበችና ማሎኩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄን 29 ከየት አመጣኸው?"

"ጠይቄው ነው፣ ታይፕ ሳይዝ ነው የሰጠኝ።"

"ዳታው ስንት እንደሆነ ጠይቀሃል። የሚይዘውን ቦታስ ጠይቀኸዋል?"

ጠይቄው አላውቅም ነበር። እዛው ሳይዝኦፍን፣ አንድ ነገር ሜሞሪ ላይ የሚይዘውን ቦታ የሚነግረውን የሲ ትዕዛዝ፣ በስትራክቱ ላይ አስጠራችኝ፣ 40 አለ። ከዛ ታይፕ ጌት ኤክስቴንት የሚባለውን አስጠራችኝ፣ እሱም 40። እኔ ለሺህ ብናኝ 29,000 ባይት ነው ያስያዝኩት፣ የሚፃፈው ግን እስከ 40,000 ባይት ድረስ ነው የሚዘልቀው፣ ስለዚህ ወደ 11,000 ባይት የሚጠጋው የጎረቤት ሜሞሪ ላይ እየተደፋ ነበር ማለት ነው። በአንድ ብናኝ ለምን እንደሰራም በኋላ ገባኝ፣ ሊኑክስ ላይ ያለው ማሎክ 29 ስትጠይቀው ወደ ላይ አጠጋግቶ 40 ባይት የሚያስጠቅም ቦታ ይሰጥሃል፣ በአጋጣሚ ልክ የስትራክቱን ያህል። ሙከራዬ ያለፈው በዛ ብቻ ነው።

29ኙ 40 የሆነው በፓዲንግ፣ ማለትም ኮምፓይለሩ መሃል ላይ በሚተዋቸው ባዶ ባይቶች ነው። ደብል የሚቀመጥበት አድራሻ ለ8 የሚካፈል እንዲሆን ኮምፓይለሩ ይፈልጋል፣ ኢንቱ ከ0 እስከ 3 ያሉትን ባይቶች ከያዘ በኋላ ከ4 እስከ 7 ባዶ ይተዋል፣ ደብሎቹ ከ8 ጀምረው 31 ላይ ያበቃሉ፣ ቻሩ 32 ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ከ33 እስከ 39 እንደገና ባዶ ነው፣ ምክንያቱም አሬይ ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጠው ቀጣዩ ስትራክትም ደብሎቹ በትክክለኛ ቦታ እንዲያርፉለት ነው። ስለዚህ እቃው ሌላ፣ እቃው የያዘው ቦታ ሌላ፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ኤምፒአይ ይሄን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ያዘጋጀልን፤ ሳይዝ የሚባለው መልዕክቱ ውስጥ የሚገባውን እውነተኛ ዳታ ነው የሚነግርህ፣ ኤክስቴንት የሚባለው ደግሞ ከአንዱ ፍሬ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ ፍሬ መጀመሪያ ያለውን ርቀት። ሜሞሪ ስታስይዝ ሁለተኛውን ነው የምትፈልገው፣ በኔትወርኩ ላይ ስንት ባይት አለፈ ብለህ ፍጥነት ስታሰላ ግን የመጀመሪያውን። የኔ ጥፋት ትክክለኛ መልስ ለተሳሳተ ጥያቄ መጠቀሜ ነበር፣ ሰንጠረዛችሁን ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚደርሰው እዛው 29 ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ደብሎቹን መጀመሪያ ብታስቀምጧቸው ከዛ ኢንቱን ከዛ ቻሩን፣ ያው ስትራክት 40 መሆኑ ቀርቶ 32 ይሆናል። ስምንት ባይት ምን ያደርጋል እንዳትሉ፣ ለ100 ሚሊዮን ብናኝ 800 ሚሊዮን ባይት ነው፣ አንድ መስመር ወደ ታች በማውረድ ብቻ። ይሄንንም የምታገኘው ሳይዙን ጠይቀህ 29ና 40ን ጎን ለጎን ስታይ ነው፣ አለዛ ክፍተት እንዳለም አታውቅም።

ሌላው መነገር ያለበት ነገር፣ ማንን ነው የምንጠይቀው የሚለው ነው። ሳይዝኦፍ የኮምፓይለሩ መልስ ነው፣ ታይፕ ሳይዝ ደግሞ የኤምፒአይ ላይብረሪው መልስ ነው፣ እና ብዙ ሰው አንዱን ከጠየቀ ሌላው አያስፈልግም ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም ጠይቁ ነው የምለው። ፎርትራን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚፅፉ ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል፣ ኮዱን ኮምፓይል ሲያደርጉ ኢንቲጀር በሙሉ 8 ባይት ይሁን የሚል ማዘዣ መስጠት ይቻላል፣ ላይብረሪው ግን ቀድሞ ኢንቲጀር 4 ባይት ነው ተብሎ የተሰራ ሊሆን ይችላል። አሁን ባለ 8 ባይት አሬይ ይዘህ አንድ ሺህ ኢንቲጀር ላክ ስትለው ላይብረሪው የሚልከው 4,000 ባይት ነው፣ ማለትም ካንተ አንድ ሺህ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹን 500 ብቻ። ተቀባዩም ያንኑ 4,000 ባይት ስለሚጠብቅ ደስ ብሎት ይቀበላል፣ ቀሪው 500 ቦታ ላይ የነበረው አሮጌ ቁጥር እንዳለ ይቀራል፣ ስህተት የሚል መልዕክት የለም። እስቲ ይሄን የትኛው ሰንጠረዥ ነው የሚያሳየው? ፕሮግራሙ ሲጀምር ግን የቋንቋውን ሳይዝና የላይብረሪውን ሳይዝ ጠይቆ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ቁም የሚል ሶስት መስመር ቢኖር ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ነው የሚያዘው። ፎርትራን ላይ ስቶሬጅ ሳይዝ የሚባለውን ስትጠቀሙ ብቻ ልብ በሉ፣ መልሱን የሚሰጠው በቢት ነው፣ ለ8 ማካፈል አለባችሁ።

ሲ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፣ አሬይን ለፈንክሽን አሳልፈህ ውስጥ ገብተህ ሳይዝኦፍ ብትለው የሚመልስልህ የፖይንተሩን፣ ማለትም የአድራሻውን፣ ሳይዝ ነው፣ 64 ቢት ሲስተም ላይ 8፣ አሬዩ አስር ይሁን አስር ሚሊዮን ግድ የለውም። ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚወድቅበት ነውና ከናንተ አምድ ላይ ቢጠፋ አይገባም።

ስትራክት በኤምፒአይ ስትገነቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ላይብረሪው የኮምፓይለሩን አሰላለፍ ይገምታል እንጂ አያውቀውም፣ የፊልዶቹን፣ ማለትም ስትራክቱ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች፣ ዓይነት አይቶ መጨረሻ ላይ ስንት ባይት ፓዲንግ ሊኖር እንደሚችል ራሱ ነው የሚያሰላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ፓዲንግ አትጨምር ብለህ ኮምፓይለሩን ካዘዝከው ግን ሳይዝኦፍ 29 ሲል ኤክስቴንት ሌላ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ክሪኤት ሪሳይዝድ በሚባለው ፈንክሽን ኤክስቴንቱን ከሳይዝኦፍ ጋር ራስህ እኩል ማድረግ ያለብህ፣ ከዛ ነው ኮሚት አድርገህ ለመላክ ዝግጁ የምታደርገው። አሁን እኔ ይሄን ሳላደርግ አንድም ስትራክት አልልክም።

ስለ ድሮ ማስተማሪያዎችም ላንሳ። የኤምፒአይ የመጀመሪያው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ ያኔ ታይፕ ኤክስቴንት የሚባል ፈንክሽን ነበር፣ በ1997 በሁለተኛው ስሪት ታይፕ ጌት ኤክስቴንት ተተካ፣ በ2012 በሶስተኛው ስሪት የድሮው ጭራሽ ወጣ። ዛሬም ድረስ ግን የድሮውን የሚያስተምር ጽሁፍ ሞልቷል፣ ተማሪው ኮፒ ያደርገዋል፣ ኮምፓይለሩ አላውቀውም ይለዋል፣ ተማሪውም "ሳይዝ መጠየቅ አይሰራም" ብሎ ወደ ቃል ሽምደዳው ይመለሳል። በዚሁ በ2012ቱ ስሪት ላይ ሌላ ጠቃሚ ነገርም ገብቷል፣ የድሮው ታይፕ ሳይዝ መልሱን የሚሰጠው በተራ ኢንት ስለሆነ ከ2147483647 ባይት በላይ የሆነ ታይፕ ከሆነ መናገር አይችልም፣ ያልታወቀ ብሎ ነው የሚመልሰው፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ቁጥር የሚመልስ አዲስ ቅርፅ ተጨመረለት። በ2021 የወጣው አራተኛው ስሪት ደግሞ የፍሬ ብዛቱን ራሱን ከዛ ገደብ በላይ እንድታደርግ ፈቅዷል። ሁለት ጊጋባይት ዛሬ ትልቅ ነገር አይደለም እኮ፣ አንድ ደህና ማትሪክስ በቀላሉ ያልፈዋል።

አንዳንድ ሰው ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ማካበድ ነው ይለኛል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አርያን 5 የተባለችው ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኩሳ ደቂቃ ሳትሞላ አየር ላይ የተበታተነችው ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ኢንቲጀር ሲቀየር ስላልበቃው ነው፣ ኮዱም ከአርያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነበር፣ እዛ ሮኬት ላይ ቁጥሩ ይበቃ ነበርና። ፓራለል ፕሮግራም አይደለም አውቃለሁ፣ ግን እዛ ስለሰራ እዚህም ይሰራል የሚለው ሃሳብ ያው አንድ ነው፣ ከአንዱ ኮምፒውተር የተወሰደ ሰንጠረዥም ሌላው ላይ እንደዛው ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። በሚቀጥለው እትም ሰንጠረዡን ከተቻለ አንሱት፣ ካልተቻለም ከስሩ "ይሄ አንድ ሲስተም ላይ የተለካ ነው" የሚል ፃፉበት፣ የየትኛው ሲስተምና የየትኛው ኮምፓይለር እንደሆነም ጨምሩበት። ለጠያቂው ደግሞ በቀጥታ መልሱለት፣ ሳይዝኦፍን፣ ታይፕ ሳይዝን፣ ታይፕ ጌት ኤክስቴንትን ሶስቱንም ጠርቶ መልሳቸውን ጎን ለጎን የሚያትም ትንሽ ፕሮግራም አሳዩት፣ አስር መስመር አይሞላም። ሳይዙ ከሲስተም ሲስተም እንዳይቀያየርበት የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ኢንትና ሎንግ ከማለት ይልቅ ኢንት32 እና ኢንት64 የሚባሉትን ይጠቀም፣ ኤምፒአይም ለእነሱ የሚሆን የራሱ ስም አለው። የምታስተምሩ መምህራንም ይሄን ካነበባችሁ፣ ፈተና ላይ "ሎንግ ስንት ባይት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁብን፣ "እንዴት ታውቃለህ?" በሉን።

ያ ጠያቂ አንባቢ ምናልባት አሁን ሰንጠረዙን ይዞ ማሎክ ውስጥ 29 እየፃፈ ይሆናል። ሁለት ቀን እንደኔ ሳይጠፋበት መልሱ ቢደርሰው ደስ ይለኛል፣ ከፈለጋችሁ ፕሮግራሟን ፅፌ ልልክላችሁ እችላለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ